ነጥቧ ስትቆም ስልኩ ይጠራል

ባለፈው ሳምንት ኢንተርኔት ላይ ባለችው መድረካችን አንድ ክር፣ ማለትም አንድ የውይይት ርዕስ፣ 53 ምላሽ ሰበሰበ። ለኛ ይሄ ብዙ ነው። የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች የምንገናኝባት ትንሽ ቤት ናት። አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለጠፋ መታወቂያ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሐረጎ ዳገት ዛሬ ጉም አለው ወይ የሚል ነው። እኔ ከአወያዮቹ አንዱ ስለሆንኩ ሁሉንም አነባለሁ። እውነቱን ለመናገር ብዙውን እየዘለልኩ ነው። ይሄኛውን ግን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ክሩን የከፈተችው ደሴ እየኖረች ኮምቦልቻ የምትሠራ ልጅ ናት። ጠዋት ሐረጎን ትወርዳለች፣ ማታ ትወጣዋለች። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ ጥምዝምዙን ግን የሚያውቅ ያውቀዋል። ክረምት ላይ አንድ ማታ ከባድ መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘጋ። ጉሙ ወርዷል። የስልኳ ቻርጅ አልቋል። ቤት ስትደርስ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኗል። ታላቅ ወንድሟ ጋቢ ተከናንቦ በር ላይ ቆሟል። አልተቆጣትም። በማግስቱ ቡና ሲፈላ ስልኳን ተቀበላት፣ ጎግል ማፕ ከፈተና ሎኬሽኗን ለራሱ አጋራ። ለምን ያህል ጊዜ ብሎ ስልኩ ሲጠይቀው፣ አንድ ሰዓት የሚለውን አልፎ እስክዘጋው ድረስ የሚለውን ነካ። ቶናው ሳይቀዳ ነገሩ አለቀ። እሷም አመሰገነችው።

ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል። ወንድሟ ስልክ ላይ፣ ካርታው መሃል፣ ፎቶዋ በትንሽ ክብ ውስጥ ይታያል። እሱ ነጥቧ ይላታል። ነጥቧ ስትቆም ስልኳ ይጠራል። ሰኞ ገበያ ወርዳ ከጓደኛዋ ጋር ሽንኩርት ስትመርጥ ይጠራል። ሚኒባሱ ሐረጎ አናት ላይ ሰው ሲያወርድ ይጠራል። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ሦስት ጊዜ ጠርቷል። ጥያቄዋም ሦስት ነበር። ጂፒኤሱን ብታጠፋ ሳተላይቱ ያያታል ወይ? ወንድሟ ሳያውቅ መዝጋት ይቻላል ወይ? ሦስተኛውን እንደ አፈረ ሰው መጨረሻ ላይ በቅንፍ ነው የጻፈችው፦ ይሄን መጠየቋ ራሱ ነውር ይሆን ወይ?

ሰው ሁሉ አንደኛው ላይ ተረባረበ።

1ኛው ምላሽ በአብሽሪ ጀመረ። ስክሪኑን ከላይ ወደ ታች ስባ ሎኬሽን የምትለዋን ምልክት ካጠፋች ነገሩ እንደሚያበቃ ነገራት። 2ኛው ተስማማ። 3ኛው ግን እንደዚያ አይደለም ብሎ ገባ። ሳተላይቱ ሰማይ ላይ ተተክሎ ሃያ አራት ሰዓት ቁልቁል ስለሚያይ የሷ ማጥፋትና ማብራት ለውጥ የለውም ባይ ነው። መፍትሔው ባለ ቁልፍ ኖኪያ መያዝ ነው ብሎ ደመደመ። 4ኛው የ3ኛውን አጠናክሮ፣ አጎቱ ከውጭ ሆኖ የቤታቸውን ቆርቆሮ በስልኩ እንዳየ መሰከረ። ያ ፎቶ ከተነሳ ምናልባት ዓመት ያለፈው እንደሆነ የነገረው ሰው አልነበረም።

5ኛው የፊዚክስ መምህር ነው። ረጅም ጻፈ፤ እኔም የክሩ ምርጥ ጽሑፍ ይሄ ነው እላለሁ። ጎህ ሲቀድ ደጅ ላይ የቆመ ደሴዬን አስቡት አለን። አዛን ከሸዋ በር በኩል ይሰማል፣ ከአረብ ገንዳ በኩል ይሰማል፣ ከወዲያኛው ዳገት ይሰማል። የቅርቡ ቀድሞ ይደርሳል፣ የሩቁ ይዘገያል። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈልጋልና። ሙአዚኖቹ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ቢጀምሩ፣ የትኛው ድምፅ በስንት ሰከንድ እንደዘገየ የቆጠረ ሰው የቆመበትን ቦታ ያውቃል። ሙአዚኑ ግን ያ ሰው እዚያ መቆሙን አያውቅም። ጂፒኤስም ይኸው ነው። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እየዞሩ ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ ብቻ ይናገራሉ። ስልኩ ቢያንስ አራቱን ሰምቶ ሒሳቡን ራሱ ይሠራል። ወደ ላይ የሚመልሰው ነገር የለም። እነሱም ቁልቁል የሚያዩበት ካሜራ የላቸውም።

6ኛው ደስ አላለውም። በሱ ሰፈር ሁለት መስጊዶች አንድ ላይ ጀምረው እንደማያውቁ ጠቅሶ፣ በዚህ ስሌት ከሄድን እኔ ራሴን ወረባቦ ነው የማገኘው ብሎ ቀለደ። 7ኛው ሳቀ። መምህሩ በ8ኛው ተመልሶ፣ ለዚያ ነው ሳተላይቶቹ አቶሚክ ሰዓት የተሸከሙት ሲል መለሰ። የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ብቻ ቢሳሳቱ ቦታው በ300 ሜትር ይስታል። በዚያው ስለ ታሪኩም ጨመረልን። የጂፒኤስ ባለቤት የአሜሪካ ጦር ነው፤ እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ ለሲቪሉ የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ ይዛባ ስለነበር እስከ 100 ሜትር ይስት ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት ማዛባቱ ቆመ። ዛሬ ስልካችን የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱም ይሰማል። 9ኛው አይፎን 14 ወደ ሳተላይት መልእክት ይልካል ብሎ ሊያርመው ሞከረ። መምህሩ ያ ሌላ ሳተላይት መሆኑን፣ አገልግሎቱም መጀመሪያ ለአደጋ ጊዜ የተሠራ መሆኑን በትሕትና ነገረው።

10ኛው ባለሙያ አይደለም፤ ማስረጃው ግን ከሁሉም ቀረበኝ። ኔት ተዘግቶ በነበረባቸው ወራት ቀድሞ ያወረደው ካርታ ስልኩ ላይ ነበረው። ዳታ የለም፣ ቴሌግራም የለም፣ ሰማያዊዋ ነጥብ ግን እሱ ሲሄድ ትሄድ ነበር። ከፒያሳ እስከ ሆጤ እያያት ሄዷል። ያኔ ነው ማወቅና ማሳወቅ ሁለት ነገር እንደሆነ የገባው። ስልኩ ያለበትን ከሰማይ ይሰማል። ለሌላ ሰው የሚናገረው ግን በኔት ነው።

እዚህ ላይ አንደኛው ጥያቄ ተመልሶ ነበር። ክሩ ግን አሥር ምላሽ ላይ የቆመበት ጊዜ አለ እንዴ?

11ኛው ፒያሳ ሞባይል የሚጠግን ልጅ ነው። ሁለተኛውን ጥያቄ አነሳና መጥፎ ዜና ይዞ መጣ። ዳታውን ብታጠፋ ወይም ሎኬሽኑን ብትዘጋ ወንድሟ የመጨረሻ ቦታዋንና ከስንት ሰዓት በፊት እንደነበር ያያል። ማጋራቱን ራሱን ብታቆም ደግሞ ፎቶዋ ከካርታው ይጠፋል። ቻርጅ አለቀብኝ ብላ እንዳትሞክር መከራት። ጎግል ማፕ ላይ ሎኬሽን የተጋራለት ሰው የስልኳን የባትሪ መጠን በፐርሰንት ያያልና። ቻርጅ ላይ ተሰክቶ እንደሆነም ጭምር።

መድረኩ ፈነዳ። 12ኛው ይሄን ሳያውቅ ለሚስቱ ስንት ጊዜ ቻርጅ ዘጋብኝ እንዳላት መቁጠር ጀመረ። 13ኛው አንድ ቃል ብቻ ነው የጻፈው። ወላሂ ነው ቃሉ።

ከዚያ 14ኛው መጣና ጨዋታው ተበላሸ። ጨዋ ልጅ የምትደብቀው ነገር ስለሌላት ነጥቧን አትፈራም ሲል ጻፈ። ወንድም ደግሞ ወንድም ነው፤ ዘመኑን እያየን ዝም ይበል ወይ ብሎ ጠየቀ። በዘመኑ ጉዳይ እውነት አለው። መንገድ ላይ ያለ ሰው ቤት የሚጠብቀውን ሰው ሆድ እንዴት እንደሚበላ እዚህ የማያውቅ የለም። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገሩ ግን ስድብ ነው። 15ኛዋ ሳትሳደብ መለሰችለት፦ የሚደብቀው ከሌለው የቤቱን ሎኬሽን አሁኑኑ እዚሁ እንዲለጥፍ ጠየቀችው። አልለጠፈም። 16ኛውንና 17ኛውን የሰረዝኳቸው እኔ ነኝ። ዘር ማንዘር ተነስቶ ነበር።

18ኛው ወሬውን አረገበው። ከጅቡቲ በሚሌ አድርጎ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚገባ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። መኪናው ላይ የጂፒኤስ ሳጥን አለ። ሳጥኗ ቦታውን ከሳተላይት ሰምታ ውስጧ ባለው ሲም ካርድ ለቢሮ ትናገራለች። አንድ ሰኞ ባቲ ላይ ገበያው ሞልቶ አንድ ፍየል ዓይኑ ገባች። ሰኞና ባቲ ማለት እንግዲህ ታውቃላችሁ። ቆመ፣ ተከራከረ፣ ፍየሏን ጋቢና አስገባ። ሁለት ሰዓት ሄደ። ቢሮ ሲጠይቀው መንገድ ላይ ኔትወርክ አልነበረም አለ። እንዳለውም በዚያ ሰዓት አልነበረም። ሳጥኗ ግን ኔትወርክ ስታጣ መዝግባ ታስቀምጣለች፣ ሲመጣ ሁሉንም ታራግፋለች። የባቲ ገበያ ሁለት ሰዓት በደቂቃ ተቆጥሮ ጠረጴዛ ላይ ጠበቀው። የፍየሏ ዋጋ ከደመወዙ ላይ እንዳልተቆረጠ ግን አልሐምዱሊላህ ብሎ ዘጋ።

19ኛው ፍየሏ ስንት እንደተገዛች ጠየቀ። 20ኛው ያኔ ርካሽ እንደነበር ገመተ። 21ኛው ሹፌሩን ነቀፈ። መኪናው የድርጅት፣ ሰዓቱም የድርጅት ስለሆነ ሳጥኗ ልክ ናት አለ። ሹፌሩ በ22ኛው ተመልሶ ሳጥኗን አልጠላትም ሲል ጻፈ። መኪናዋ ስትሰረቅ የምታገኛት እሷ ናት። እሱን የከነከነው ሌላ ነው፦ የመኪናው ባለቤት ስልኩ ላይም አፕ እንዲጭን ጠይቆት፣ ሥራ ሲጨርስ፣ ቤቱ ሲተኛ፣ አርብ ሶላት ሲሄድ ሁሉ ሲታይ ነበር። ሳጥኗን መኪናው ውስጥ ትቷት ይወርዳል። ስልኩን የት ይተወዋል?

ለዚህ 23ኛው፣ የሕግ ሰው፣ መልስ ነበረው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን እንደሚያስከብር፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህም ፈቃድ የሰጠ ሰው ፈቃዱን ማንሳት እንደሚችል ጻፈ። ጥሩ ነው። ለቀጣሪም ለአፕ ባለቤትም የሚጠቀስ ነገር ነው። ቡና ላይ ለወንድምህ አዋጅ ማንበብ ግን ይከብዳል። 24ኛው ይህንኑ ከኔ በተሻለ ቀልድ ተናገረው፤ ነጋሪት ጋዜጣውን ከፈንዲሻው አጠገብ ማስቀመጥ ነው የቀረን አለ።

25ኛው ስለ አፖች አነሳ። ሰው ወንድሙን እየፈራ የማያውቀውን ኩባንያ አይፈራም የሚል ቅሬታ ነበረው። ሁለት ምሳሌ አመጣ፣ ሁለቱም የታወቁ ናቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን የባትሪ መብራት አፕ የሠራን ሰው ከሶ ነበር፤ አፑ የተጠቃሚዎቹን ሎኬሽን ለማስታወቂያ ድርጅቶች ያቀብል ነበርና። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሚሊዮኖች የሚጠቀሙበት አንድ የሶላት ሰዓት አፕ የተጠቃሚዎቹን ሎኬሽን ለመረጃ ነጋዴ ሲያደርስ ጋዜጠኞች አጋለጡ፤ አፑም ግንኙነቱን አቋርጫለሁ አለ። ይሄኛው ብዙ ሰው አስደነገጠ። በኛ ከተማ ያ ዓይነት አፕ የሌለው ስልክ ማግኘት ቀላል አይደለም።

26ኛው የአንድ ሽማግሌ አባት መልእክት ነው፤ ልጃቸው ነው የጻፈላቸው። ለቂብላ አፕ የሚያስፈልገው ለመንገደኛ ነው አሉ። ደሴ ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ ሰሜን ይዙር፣ በቃ። መካ በቀጥታ ለማለት ይቻላል ከኛ በስተሰሜን ናት። ካርታ ከፍቼ አየሁት። ልክ ናቸው፤ ልዩነቱ በኬንትሮስ የአንድ ዲግሪ ሩብ እንኳ አይሞላም። ያለ ሳተላይት።

ከ27ኛው እስከ 30ኛው ክሩ መንገድ ሳተ። ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ስልክ ቶሎ ይግላል፣ ደሴ ብርድ ላይ ቻርጅ ቶሎ ያልቃል የሚል ክርክር ተነሳ። ከዚያ የተለመደው የሁለቱ ከተሞች ጠብ ሆነ፤ አልዘረዝረውም። 30ኛዋ ብቻ ጥሩ ነገር ነበራት። የሠርግ ጥሪ ላይ የተላከላትን ሎኬሽን ተከትላ ሄደች። ካርታው 200 ሜትር ቀረሽ ይላታል፣ የዘፈኑ ድምፅም ይሰማታል። መሃል ላይ ግን ገደል አለ። ተረከዛም ጫማዋን በእጇ፣ ስጦታውን በብብቷ ይዛ በዝናብ መውረጃው ወረደች። ስትደርስ ሚዜዎቹ እግሯን ውኃ አፈሰሱላት። ደሴ ላይ ቀጥታ መስመር ለአሞራ ነው የሚሠራው።

31ኛው የጥገናው ልጅ ነው፣ ተመልሶ መጣ። ይሄ ሁሉ ሲወራ አንድም ሰው የራሱን ስልክ እንዳልከፈተ ታዝቦ ሁላችንንም አሠራን። ሴቲንግ፣ ሎኬሽን፣ ከዚያ የአፖች ፈቃድ። እዚያ አፖቹ በሦስት ተከፍለው ይገኛሉ፦ ሁልጊዜ የተፈቀደላቸው፣ ሲከፈቱ ብቻ የተፈቀደላቸው፣ የተከለከሉ።

እኔም አደረግኩት። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ነበር፣ ተነስቼ ተቀመጥኩ። ሁልጊዜ በሚለው ሥር ሰባት አፕ ነበር። አንዱ ካርታ ነው፣ ይሁን። አንዱ የአየር ሁኔታ። አንዱ ፎቶ የሚያሳምር አፕ ነው፤ የእህቴ ልጅ ለልደቷ ጭናው የሄደችው። አንዱን ምን እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም፤ ስሙ በቻይንኛ ነው። ለማሳመሪያው አፕ ሐረጎ ላይ መሆኔ ምን ይሠራለታል? አምስቱን ከለከልኳቸው። አየር ሁኔታውን ሲከፈት ብቻ አደረግኩት። ካርታውን ተውኩት። ስጨርስ ቡናዬ ቀዝቅዟል።

ልጁ የጨመራቸው ነገሮች አሉ። ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ ለአሁኑ ብቻ ብሎ መፍቀድ ይቻላል። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ደግሞ ለአፑ ትክክለኛውን ቦታ ትቶ ግምታዊውን ብቻ መስጠት ይቻላል፤ ያኔ አፑ የሚያውቀው 3 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል አካባቢ ነው። ለአየር ሁኔታ ከበቂ በላይ ነው። አይፎንም ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይሄው አለው። ፎቶን በተመለከተ ካሜራው ሎኬሽን ከተፈቀደለት ፎቶው ውስጥ ቦታው ይጻፋል። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሲላክ ይህ ጽሑፍ ይወልቃል፣ እንደ ፋይል ሲላክ ግን አብሮ ይሄዳል። 32ኛዋ የሳሎኗን ፎቶ ለሽያጭ በፋይል እንደላከች አስታውሳ ተርበተበተች። 33ኛው አጽናናት። 34ኛው ሶፋው ተሸጧል ወይ ብሎ ጠየቀ።

35ኛው ይሄን ሁሉ ትቶ የውሸት ሎኬሽን አፕ ለልጅቷ እንዲጫንላት ሐሳብ አቀረበ። ነጥቧ መሥሪያ ቤት ትቀመጣለች፣ እሷ የፈለገችበት ትሄዳለች። ብዙ ሰው ወደደው። እኔም ለአፍታ ወደድኩት። 36ኛው የከባድ መኪናው ሹፌር ነበር፣ በአጭሩ ነው የመለሰው። ሐረጎ ላይ ስንት መኪና ሲገለበጥ እንዳየ ነገረን። ያን ቀን ወንድሟ ነጥቧን ተከትሎ የሚሄደው የት ነው?

ከዚህ በኋላ የውሸት ሎኬሽንን ያነሳ ሰው የለም።

37ኛው 3ኛውን ፈልጎ አገኘውና ስለ ባለ ቁልፍ ኖኪያው አረመው። ሲም ያለበት የበራ ስልክ ሁሉ፣ ጂፒኤስ ኖረውም አልኖረውም፣ ከየትኛው የኔትወርክ ማማ ጋር እንደተያያዘ ኦፕሬተሩ ያውቃል። ካላወቀ ጥሪው እንዴት ይደርሳል? የሎኬሽን ቁልፏ እዚያ አትደርስም። 3ኛው በ38ኛው መልሶ ታዲያ እኔ ምን አልኩ፣ ሁላችንም ታይተናል ብሎ አሸነፍኩ ባይ ሆነ። 39ኛው ማማውና ሳተላይቱ አንድ እንዳልሆኑ ሊያስረዳው ሞከረና ተወው።

40ኛዋ ሐይቅ ከተማ የሚኖሩ እናት ናቸው። ትንሹ ልጃቸው ነው የሚጽፍላቸው፣ ፊደሉም ቸኩሏል። ትልቋ ልጃቸው ጅዳ ትሠራለች። ዕረፍት በምትወጣበት ቀን በዋትስአፕ ላይቭ ሎኬሽን ትልክላቸዋለች፣ ለ8 ሰዓት። ካርታ ማንበብ አይችሉም። ግን ፊቷ በክብ ውስጥ ሆኖ በባሕሩ ዳር ዳር ሲሄድ ያያሉ። ቡና አፍልተው ስልኩን ከረከቦቱ አጠገብ ያቆሙታል። 8 ሰዓቱ ሲሞላ ራሱ ይጠፋል። በሌሎቹ ቀናት ዱዓ ያደርጋሉ። አንድም ቀን ላኪ ብለዋት እንደማያውቁ ነው የጻፉት። እሳቸው ስለ ጠያቂዋ ወንድም አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ግን ከሳቸው በኋላ ክሩ ላይ የጮኸ ሰው አልነበረም። 41ኛውም 42ኛውም አሚን ብቻ ናቸው። 43ኛው 14ኛው ሰውዬ ነው፣ እሱም አሚን አለ።

44ኛዋ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀች። ለወንድምሽ ነግረሽዋል ወይ?

ይሄ እስኪመጣ 43 ምላሽ ፈጀ። እኔም አወያይ ተብዬ ተቀምጬ አላሰብኩትም። ልጅቷ ሳተላይቱን አልፈራችም እኮ። የፈራችው ጥሪውን ነው። ከሰማይ የሚመጣውን ስንፈታ ከሳሎን የሚመጣውን ረሳነው። 45ኛው ግን በንዴት መጣ። ለታላቅ ወንድም እንዲህ ተብሎ አይነገርም፣ እናንተ የከተማ ልጆች ቤት ታፈርሳላችሁ ብሎ 44ኛዋን ዘለፋት። 46ኛዋ እራሷ 44ኛዋ ነበረች። ሦስት ታላላቅ ወንድሞች እንዳሏትና ቤቱ እስካሁን እንዳልፈረሰ ገለጸችለት።

ከቀናት ዝምታ በኋላ የክሩ ባለቤት በ47ኛው ተመለሰች። ነግራዋለች። ቡና ላይ፣ አቦሉ ሲቀዳ። ዝም አላት። እሷም ወንድም ጋሼ፣ ያንተንም እኔ ልየው ብላ ጠየቀችው። ምን ችግር አለ ብሎ አጋራት፤ እስክዘጋው ድረስ የሚለውን ነካ። በሁለተኛው ቀን ነጥቡ ፒያሳ ላይ ሲቆም ደወለችለት። ጸጉር ቤት ነበር፣ ፊቱ አረፋ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሙጋድ ላይ ሲቆም ደወለች። የት እንደነበር አልነገራትም። በአራተኛው ቀን ነጥቡ ከካርታው ጠፋ። ስልኩ ችግር አለበት ነው ያላት። ማታ እፊቱ ስልኳን አወጣችና የሷንም ዘጋችው። ሲያያት ነበር፣ ምንም አላለም። አሁን ማታ ማታ ሚኒባሱ ከኮምቦልቻ ሲነሳ የአንድ ሰዓት ትልክለታለች። ሰዓቱ ሞልቶ ካልገባች ይደውላል። ትናንት ደውሏል፤ ጉም ነበር።

48ኛው እንኳን ደስ አለሽ አላት። 49ኛው ነገሩ እንዲህ በቀላሉ ማለቁን ተጠራጠረ። 50ኛው ጸጉር ቤቱ የትኛው እንደሆነ ጠየቀ፣ 51ኛው ስንት እንደሚያስከፍል። 52ኛው በዚያው ያገለገለ ሳምሰንግ እንደሚሸጥ ለጠፈ፣ ስክሪኑ ትንሽ ተሰንጥቋል። የት መጥቶ እንደሚያየው በውስጥ መስመር የጠየቀው ሰው ሳይኖር አይቀርም፤ በ53ኛው ሎኬሽን ልኳል። ነካሁት። ነጥቧ አዝዋ ገደል መሃል ላይ አርፋለች።